ፀሐይ በአናታችን ስታልፍ፤ ከቦሌ እስከ አያት

አዲስ አበባ ላይ በቀትር ጥላ የሚጠፋባቸው ሁለት ቀናት አሉ፤ አንደኛው ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ሁለተኛው ነሐሴ 24 ገደማ። የነሐሴውን ደመናው ስለማይፈቅድ ልብ የሚለው የለም። የሚያዝያው ግን ቀን ከቀናው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስትመላለስ፣ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ የተቀመጠችውን ከተማችንን በአናቷ ቀጥ ብላ የምታልፈው በእነዚህ ቀናት ነው። ሰዓቱም ልክ 6 ሰዓት አይደለም። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ወርዴር አጠገብ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው። ቦሌ ከዚያ ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ እውነተኛው ቀትሯ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ይውላል።

የሚያዝያው ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አገኘኝ። በኮሪደር ልማቱ በሰፋው የእግረኛ መንገድ ዳር የውሃ ጠርሙሴን አቁሜ ጥላው እየተሰበሰበ ወደ ሥሩ ሲገባ እመለከታለሁ። አንድ ሊስትሮ ልጅ ጥቂት ታገሰኝና መጣ።

«ጋሼ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?»

«ጥላዬ ጠፋ» አልኩት።

የራሱን እግር አየ፤ ዞር አለ፤ እንደገና አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጫማውን ፎቶ አነሳና ሳይሰናበተኝ ወደ ጓደኞቹ ሮጠ።

እኔ ደግሞ ጉዞዬን ጀመርኩ። ፀሐይን ከጠፈር ሆነው ስለሚለኩ መሣሪያዎች ሳነብ ከርሜ ልክፍት ይዞኝ ነበር። ያ ሁሉ ልኬት ወደ ሰፈራችን ሲወርድ ምን እንደሚሆን በእግሬና በታክሲ ተከትዬ ማየት ፈለግሁ። መነሻዬ ቦሌ፣ መድረሻዬ አያት።

ቁጥሩ ይህ ነው፦ 1361። ምድር ከፀሐይ በአማካይ ርቀቷ ላይ ስትሆን፣ ከአየሩ በላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ ባዞረ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው ኃይል 1361 ዋት ነው። ሁለት ካሬ ሜትር ተኩል ያህሉ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያግላል። ቁጥሩ ግን ዓመቱን ሙሉ አይረጋም፤ ምድር በምትዞርበት መንገድ ላይ አንዴ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። የምትቀርበው ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሊብት ሲል ነው፤ ያኔ ከ1400 ዋት ያልፋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ 1316 ይወርዳል። አዲስ አበቤ ጋቢ ደርቦ በጠዋት ውርጭ ሲንቀጠቀጥ ፀሐይ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ይልቅ ቀርባው እንደሆነ ስነግረው የሚያምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን ቁጥር ለማግኘት ሰዎች መጀመሪያ ተራራ ወጥተዋል። ፈረንሳዊው ክሎድ ፑዬ እ.ኤ.አ. በ1838 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ውሃን በፀሐይ አሙቆ ያገኘው ግምት ከዛሬው በአንድ አሥረኛ ያህል ያንስ ነበር። አሜሪካዊው ሳሙኤል ላንግሌይ በ1881 ዊትኒ ተራራ ላይ መሣሪያውን ተከለ። ተከታዩ ቻርልስ አቦት ለአሠርት ዓመታት ደመና የማያውቃቸውን በረሃማ ተራሮች ሲያስስ ኖረ፤ በ1930ዎቹ ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ ሲና ላይ በቅድስት ካትሪን ተራራ ነበር። የሁሉም ችግር አንድ ነው። የፈለጉትን ያህል ቢወጡ አየሩ አያልቅም፤ እርጥበቱና አቧራው በየቀኑ ይለዋወጣል።

መፍትሔው አየሩን ጨርሶ መውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ የመጠቀችው ኒምበስ 7 ሳተላይት ፀሐይን ያለማቋረጥ መለካት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ተቋርጦ አያውቅም። ነገር ግን አዲስ መሣሪያ በመጠቀ ቁጥር ከቀዳሚው የተለየ ቁጥር ያመጣ ጀመር፤ አንዱ 1370ን ያልፋል፣ ሌላው 1368 ይላል፣ ሌላው 1365። መጻሕፍት ላይ 1366 አካባቢ ረግቶ ቆየ። በ2003 ሶርስ የምትባል ሳተላይት ቲም የተሰኘ መሣሪያ ይዛ ወጣችና 1361 አለች። አምስት ዋት ጎደለ ማለት ነው፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ደግሞ አምስት ዋት ሰማይ የሚያናውጥ ልዩነት ነው።

ልቤን የሰረቀው ይህ መሣሪያ ነው። ውስጡ በጥቁር የተለበጠ ከብር የተሠራ ሾጣጣ ጉድጓድ አለው፤ የገባ ብርሃን ተመልሶ እንዳይወጣ። ብርሃኑ የሚገባበት ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ የሚያልፈው የፀሐይ ኃይል 68 ሚሊዋት ያህል፣ አንዲት ደካማ አምፖል እንኳ የማያበራ ነው። በቀዳዳው ላይ ያለው መዝጊያ 50 ሴኮንድ ይከፈታል፣ 50 ሴኮንድ ይዘጋል። ሲዘጋ የሾጣጣው ሙቀት እንዳይወርድ ኤሌክትሪክ ይጨመርለታል፤ ሲከፈት ፀሐይዋ ስለምታሞቀው ኤሌክትሪኩ ይቀነሳል። የተቀነሰው ኤሌክትሪክ ስንት እንደሆነ ማወቅ ፀሐይዋ ስንት እንደሰጠች ማወቅ ነው። ፀሐይን በቀጥታ የሚያያት የለም፤ ሥራዋን ተክቶ የሠራው ኤሌክትሪክ ይቆጠራል እንጂ። እንዲህ ያሉ አራት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ዘወትር ይሠራል፤ ሌሎቹ አልፎ አልፎ ብቻ ይከፈቱና ዘወትር የሚሠራው ምን ያህል እንዳረጀ ይመሰክሩበታል።

አምስቱ ዋት የት ገባ? ግሬግ ኮፕና ጁዲት ሊን በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ መልሱን ሰጡ። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ትልቁን ቀዳዳ ከፊት፣ ትክክለኛውን ትንሽ ቀዳዳ ከኋላ አድርገው ነበር የተሠሩት። በትልቁ ገብቶ መሀል ላይ የተበታተነ ብርሃን ሾልኮ ወደ ጉድጓዱ ይዘልቅና የፀሐይ ሒሳብ ላይ ይደመራል። ቲም ትንሹን ቀዳዳ ወደ ፊት አመጣው፤ ትርፉ ብርሃን ሳይገባ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ያህል መጽሐፍ ላይ የኖረ ቁጥር በቀዳዳ አቀማመጥ ተገለበጠ። ሳይንስ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ታሪክ ብዙ አላነበብኩም።

ከቦሌ ጎዳና ጫፍ አውሮፕላን ማረፊያው ይጀምራል። እዚህ ያለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መዝገብ ቁጥሩ 63450 ነው። በአገራችን ሚቲዎሮሎጂ ያደገው በሲቪል አቪዬሽን ጉያ ሆኖ ነው፤ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1980 መጨረሻ፣ በአዋጅ ቁጥር 201 ነበር። ለዚህ ነው ቦሌና የአየር ሁኔታ ምዝገባ የማይነጣጠሉት። በጣቢያዎቻችን ከዋሉት መሣሪያዎች የምወዳት አንዲት የመስታወት ኳስ ናት፤ ከተፈለሰፈች ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት፣ ባትሪም ሽቦም የሌላት። ፀሐይ ስትወጣ ኳሷ ብርሃኑን አጥብባ ከኋላዋ ባለው የወረቀት ጥብጣብ ላይ ትጥላለች። ወረቀቱ ይጫራል፤ ደመና ሲመጣ ቃጠሎው ይቆማል። ማታ ታዛቢው ወረቀቱን አውጥቶ የተቃጠለውን ርዝመት በሰዓት ይቆጥራል። ያ ጥቁር ጭረት የቀኑ ደብተር ነው። የኢትዮጵያ የፀሐይ ኃይል የመጀመሪያ ግምቶችም ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ምዝገባ ላይ የቆሙ ነበሩ።

ከቦሌ ወደ ገርጂ፣ ከገርጂ በጎሮ ታክሲ ወደ ጃክሮስ። ረዳቱ «ጎሮ! ጎሮ! በጃክሮስ! ሁለት ሰው!» ይላል፤ ሁለት ሰው ማለቱ አራት ሰው ማለት ነው። ጃክሮስን የሚያውቅ ሰው ስለ አፓርታማዎቹ፣ ስለ ካፌዎቹና ስለ ትራፊኩ ይነግርሃል። እኔ የሄድኩት ስሙ ናሳ በሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ስለተጻፈ ነው። ኤሮኔት የሚባል መረብ አለ፤ በመላው ዓለም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ያሉት። ከእነሱ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በጃክሮስ ስም ተመዝግቧል። ግቢ ለመግባት አልጠየቅሁም፤ በዚያ ሰማይ ሥር መቆሙ ለእኔ በቂ ነበር።

በእነዚህ ጣቢያዎች የሚተከለው ፀሐይን ተከታይ መሣሪያ ሲሜል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራ ነው። በሮቦት ክንድ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተጣምደውበታል፤ ባትሪውን የምትሞላለት አንዲት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አለችው። ጠዋት ቀኑንና ሰዓቱን አይቶ ፀሐይ የት መሆን እንዳለባት ያሰላል፤ ወደዚያ ይዞራል፤ ከዚያ አራት ቦታ በተከፈለች ዓይኑ እስኪያገኛት ራሱን ያስተካክላል። ብርሃኑን በተለያዩ ቀለማት፣ ዓይናችን የማያያቸውን ጨምሮ ለያይቶ ይለካል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ መስታወቱን ወደ መሬት ያዞራል። ክረምቱን እንዴት እንደሚያሳልፈው አስቤ በመንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሥራው ከጠፈር የሚላከውን 1361 መንገድ ላይ ማን እንደቀነሰው መመርመር ነው። ከባሕር ጠለል ወደ 2300 ሜትር ከፍ ብለን የምንኖር ስለሆነ ከአየሩ ሩብ ያህሉ ከእግራችን በታች ነው። ስለዚህ ጥርት ባለ የሚያዝያ ቀትር ቦሌ ላይ ከ1000 ዋት በላይ ይደርሰናል፤ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረርም የዓለም ጤና ድርጅት «እጅግ ከፍተኛ» ከሚለው ከ11 ደረጃ ያልፋል። የቀረውን የሚወስዱት የአየሩ ሞለኪውሎች፣ እርጥበቱ፣ አቧራው፣ የመኪና ጭሱና የማገዶው ጭስ ናቸው። ናሳ ከጣሊያን የጠፈር ኤጀንሲ ጋር የሚያዘጋጀው ማያ የተባለ የአየር ብክለት ተልዕኮ ዋና ዒላማ ካደረጋቸው የዓለም ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሚናገረውን «አዎ፣ እውነት ነው» ወይም «የለም፣ አጋንነሃል» የሚለው ምድር ላይ የቆመ መሣሪያ ያስፈልገዋል። አራት ኪሎም ከ2009 ጀምሮ ከጀርመን ተመራማሪዎች ጋር የተተከለ ሌላ መሣሪያ የፀሐይን ብርሃን እየተነተነ ሳተላይቶች ስለ ኦዞን የሚሉትን ሲያመሳክር ቆይቷል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሚለካበት መለኪያ ራሱ የሚስተካከልበት መንገድ ነው። የኤሮኔት ዋና ዋና መሣሪያዎች ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ይወጣሉ። ፀሐይ ከአድማስ ተነስታ ከፍ እያለች ስትሄድ ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ይሳሳል፤ ንባቦቹ በወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። መስመሩን አየር ዜሮ ወደሚሆንበት ነጥብ ብታስረዝመው ጠፈር ላይ ቆመህ የምታነበውን ቁጥር ታገኛለህ። ይህ ሥዕል እስከ ዛሬ በላንግሌይ ስም ይጠራል፤ ያ በ1881 ተራራ የወጣው ሰውዬ።

ሰሚት ስደርስ የኮንዶሚኒየሞቹን ጣሪያ አየሁ። የዲሽ ጫካ ነው። ቀድሞ ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩት ኢትዮሳት ከመጣ ወዲህ ወደ ምሥራቅ ዞረዋል፤ የሚመለከቱት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ሳተላይት ነው። ለእኔ ደስ ያለኝ ነገር፣ ከዚያው አጠገብ 57.5 ዲግሪ ላይ ሜቴዎሳት 7 የምትባል የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት እስከ 2017 ድረስ ቆማ መኖሯ ነው። እነዚህ ዲሾች በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይጠየቁ ፀሐይን ይለካሉ። መጋቢት መጀመሪያና በመስቀል ሰሞን፣ ረፋድ 5 ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ኋላ ትገባለች። ያን ጊዜ የምትረጨው የራድዮ ጨረር የቴሌቪዥኑን ምልክት ይውጠዋል፤ ምስሉ ይሰባበራል። ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያንቀሳቅሳል። ጥቂት ደቂቃ ቢታገስ በራሱ ይመለስ ነበር።

የሜቴዎሳት 7 ምትክ የሆነችው ሜቴዎሳት 8 ከ2016 ጀምሮ 41.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆማ ነበር፤ በ2022 ቦታውን 45.5 ላይ ያለችው ሜቴዎሳት 9 ተረከበች። ከሰሚት ቀና ቢሉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ዘንበል ብላ አናታችን ላይ ናት፤ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ። በየ15 ደቂቃው ታነሳናለች። አንዷ ነጥቧ ከሥሯ ሲለካ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 3800 ሜትር የሚረዝመው የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ ለእሷ ከአንድ ነጥብ ብዙም አያልፍም። ፀሐይ ስንት እንደወረደች የምታውቀው ደመናውን በማየት ነው። በ1986 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያወጡት ሄሊዮሳት የሚባል ስልት አለ። አንድ ቦታ ደመና በሌለበት ቀን ምን ያህል ጥቁር እንደሆነ ይያዛል፤ ዛሬ ከዚያ በላይ ከነጣ ደመና አለ ማለት ነው፤ በነጣው ልክ ከፀሐይዋ ይቀነሳል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስዌራ በተባለ ፕሮጀክት የተሠራው የኢትዮጵያ የፀሐይ ካርታም የሜቴዎሳት ምስሎችን መሠረት ያደረገ ነው። ስልቱ ለሰፊው ምሥራቃችን ድንቅ ነው። እንደ ሰሚት ያለ ቦታ ግን ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ ከሰዓት የሚመጣው ደመና ደግሞ ብጥስጣሽ ነው፤ አንድ ብሎክ ዝናብ ሲመታው ቀጣዩ ፀሐይ ይሞቃል። በአንድ ነጥብ ውስጥ ይህን ሁሉ ማጎር ከባድ ነው።

ከብሎኮቹ መሀል አንዲት እናት ፋሲካ ስለተቃረበ ዛላ በርበሬ በሸራ ላይ አስጥተዋል። ቆሜ ሳይ ጠረጠሩኝ።

«ምን ፈለግህ ልጄ?»

«የፀሐይዋን ነገር ነው የማየው እማማ። መድረቁን በምን ያውቃሉ?»

አንዱን ዛላ አንስተው ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቁት። ፍሬው ከውስጥ ተንኳኳ። ከሸራው ጥግ ሌላ አነሱ፤ እሱ ዝም አለ። «ይኸኛው የሕንፃው ጥላ ያገኘው ነው፤ ገና ሁለት ቀን ይፈልጋል» አሉኝ። በሁለት ሜትር ርቀት ያለ ልዩነት ነው፤ ከሳተላይቷ ነጥብ በሺህ እጥፍ ያነሰ።

አያት ስደርስ፣ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ የሚያልቅበት አካባቢ፣ መሸ። ወዳጄ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተን ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ጠበቅን። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራል፤ ከጀንበር መግባት በኋላ እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እሱ ገና ፀሐይ ላይ ስለሆነ ከማንኛውም ኮከብ በልጦ ያበራል። መጣም፤ ከደቡብ ምዕራብ ተነስቶ ሳያርገበግብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄደ። በላዩ ላይ ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ቲሲስ 1 የሚባል መሣሪያ አለ፤ የዚያ የቲም ታናሽ ወንድም። ሶርስ በየካቲት 2020 እስክትዘጋ ሁለቱ ሁለት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ለኩ። ይህ መደራረብ ቅንጦት አይደለም። ግሎሪ የተባለችው ሳተላይት በመጋቢት 2011 ስትመጥቅ ወድቃ ስትቀር ከ1978 የጀመረው ሰንሰለት ሊበጠስ ተቃርቦ ነበር፤ በ2013 ምትክ ባይላክ ኖሮ የአዲሱን ንባብ ከአሮጌው ጋር ማያያዝ በጣም በከበደ ነበር።

ያ ሰንሰለት ምን ነገረን? ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ከፍና ዝቅ የምትለው በአንድ ሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው። ምድር ባለፉት አርባ ዓመታት ስትሞቅ ፀሐይ አብራ አልጨመረችም። ስለዚህ «ሙቀቱ የፀሐይ ነው» የሚለው የካፌ ክርክር ተዘግቷል፤ ጥፋተኛው እኛ የምንለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ነው።

የኤሮኔት መዝገብ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። የቦሌና የየካ ክፍለ ከተማ የፊዚክስ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጡና የጃክሮስን የጥር ወር ንባብ ከሚያዝያው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ያስሉት። የራሳቸው ሰፈር አየር ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ከግማሽ ቀን በላይም አይፈጅም።